ስሙ ያልታወቀው ኮርድ

ዲ ሜጀር ጊታር የጀመረ ሰው ሁሉ ቀድሞ ከሚማራቸው ኮርዶች አንዱ ነው። አራተኛው ክር ሳይያዝ ይመታል፤ ሦስተኛውና አንደኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ ሁለተኛው ክር ደግሞ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይያዛሉ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጋቢ ደርበው በአንዲት ጠባብ የልምምድ ክፍል ከተሰበሰቡ ወጣቶች አንዱ ይህን ኮርድ ደጋግሞ መታና ሁለተኛው ክር ላይ ያለውን ጣቱን ወደ ሣጥኑ አቅጣጫ አንድ ፍሬት አሳለፈው። ሌሎቹ ጣቶቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እንደገና ሲመታው ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወሬ ተቋረጠ። የሰማነው ድምፅ ይቆረቁራል፤ ግን ደግሞ እናውቀዋለን። ከሠርግ ቤት፣ ከማሲንቆ፣ ከአዝማሪ ጉሮሮ የምናውቀው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ማን ይባላል?» አለ ልጁ፣ ከሁሉም በዕድሜ ወደሚበልጠው ኪቦርድ ተጫዋች ዞሮ።

ጋሼ ቶሎ አልመለሰም። ቤዝ የያዘው ልጅ ቀደመው፦ «ዲ ነዋ! ታች ያለው ድምፅ ዲ አይደል እንዴ?» ሌላው ስልኩን አውጥቶ የኮርድ መለያ መተግበሪያ ከፈተና ፍሬቶቹን አንድ በአንድ ነካካ። ስልኩ «ዲ ሻርፕ ዲሚኒሽድ፣ ቤዙ ዲ» አለ። ጊታር የያዘው ልጅ ግራ ተጋባ። «ከዲ ላይ አንድ ጣት ነው ያንቀሳቀስኩት፤ እንዴት ብሎ ዲሚኒሽድ ይሆናል?»

ጥያቄው የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ጊታር በእኛ አገር በብዛት የሚወረሰው በዓይንና በጆሮ ነው። ታላቁ ሲጫወት ታናሹ እጁን ያያል፣ ቤቱ ገብቶ ይሞክራል፣ ያልገባውን ተመልሶ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ብዙ ጎበዞች ወጥተዋል። ሆኖም ሁለት ጊታሪስቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው «እጄን እይ» ቢባባሉ ይግባባሉ እንጂ፣ ሳክስፎን ለያዘው ወይም ኪቦርድ ፊት ለቆመው ሰው የጊታሪስቱ ጣት አቀማመጥ ምንም አይነግረውም። ኮርድ ስም የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። ለያዘውማ ጣቱ ያስታውስለታል፤ ስሙ ከእሱ ቀጥሎ ለሚጫወተው ሰው ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ስም ማለት ያ ቀጣዩ ሰው ሰምቶ ተገቢውን ነገር እንዲጫወት የሚያደርገው ስም ነው። የስልኩን መልስ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

ስም ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ግን ጊታሩ መቃኘት አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የምሽቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የብረት ክር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይበልጥ ይወጠራል፣ ድምፁም ሽቅብ ይወጣል። ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን በጠዋቱ ብርድ የተቃኘ ጊታር ተጭኖ በአንኮበር በኩል ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ወደ አልዩ አምባ ቢወርድ፣ እዚያ ሲደርስ ሌላ ጊታር ሆኖ ይገኛል። ከስድስቱ ክሮች አንዱ እንኳ ከተዛባ የምንሰማው ኮርድና ጣታችን የያዘው ኮርድ ይለያያሉ። «የማላውቀው ኮርድ አገኘሁ» ከሚሉ ጀማሪዎች ውስጥ ያገኙት ኮርድ ሳይሆን የላላ ክር የሆነባቸው ጥቂት አይደሉም። ቲዩነሩ የኤን ድምፅ 440 ኸርዝ ላይ አድርጎ ስድስቱን ክር ማስተካከል የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ቀጥሎ ፊደል መቁጠር ይመጣል። የጊታር ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠሩ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። እያንዳንዱ ፍሬት ድምፁን በግማሽ እርምጃ ያሳድጋል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ወደ ራሱ ስም በኦክታቭ ይመለሳል። እንግዲህ የልጁን ኮርድ እንቁጠር። አራተኛው ክር አልተያዘም፣ ዲ ነው። ሦስተኛው ክር ጂ ነበር፣ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ኤ ይሆናል። ሁለተኛው ክር ቢ ነበር፣ አራተኛው ፍሬት ላይ ዲ ሻርፕ ወይም በሌላ ስሙ ኢ ፍላት ነው። አንደኛው ክር ኢ ነበር፣ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ኤፍ ሻርፕ ሆነ። በእጃችን ያሉት አራት ድምፆች ዲ፣ ኤ፣ ኢ ፍላት እና ኤፍ ሻርፕ ናቸው። የተደጋገመ ድምፅ ቢኖር ኖሮ አንዱን ትተን ሌላውን እንይዝ ነበር፤ እዚህ አልተደጋገመም።

ጊታር ድምፆችን እጅ እንዳመቸው ይበታትናቸዋል፤ ስም የሚወጣው ግን አንዱን ዘለል፣ አንዱን ያዝ እያሉ በሦስተኛ ርቀት ሲደረድሯቸው ነው። ከዲ ስንነሳ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ እናገኛለን። ይህ ንጹሕ ዲ ሜጀር ነው። የተረፈው ኢ ፍላት ከዲ በግማሽ እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ በኦክታቭ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ዘጠነኛ ይባላል፣ ግማሽ እርምጃ ዝቅ ስላለም ፍላት ናይን። ስሙ «ዲ አድ ፍላት ናይን» ይሆናል። ቤዝ ተጫዋቹ ወደ እውነቱ ቀርቦ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ከኢ ፍላት ብንነሳስ? ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ በሦስተኛ በሦስተኛ ተደርድረው ዲሚኒሽድ ይሰጡናል፤ የተረፈው ዲ ከሥራቸው ይገባል። ይኸው የስልኩ መልስ መጣ። ስልኩ ፊደል አልሳተም። ያልሰማው ዘፈኑን ነው።

ያን ምሽት የገረመኝ የጋሼ ዘዴ ነበር። ኪቦርዱን ሳይነካ ልጁን «ስትጫወት የነበረውን ዜማ በአፍህ በለው እስቲ» አለው። ልጁ አንጎራጎረ፤ ከኤ ተነስቶ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመልሶ ኤ ላይ አረፈ። ጋሼ ዜማው የረገጣቸውን ድምፆች ኪቦርዱ ላይ ለቀማቸው፦ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ። «በል ንገረኝ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለው። ሦስቱም በአንድ ድምፅ መለሱ፦ «አንቺ ሆዬ!»

ከአንቺ ሆዬ አምስት ድምፆች አራቱ በልጁ ጣቶች ሥር ነበሩ። የጎደለው ቢ ፍላት ብቻ ነው። ያ «የማይታወቅ» ኮርድ አንቺ ሆዬ ራሱ ነው፣ በአንድ ጊዜ ሲመታ። አሁን ቤዝ ተጫዋቹ የሚጠቅመውን ነገር አወቀ፦ ኮርዱ ከዲ ተነስቶ ይደረደራል፣ ዜማው ግን ቤቱ ኤ ነው። ቤዙን ዲ ላይ ቢያደርገው ዘፈኑ መንገድ ላይ ያለ ይመስላል፣ ኤ ላይ ቢያደርገው ቤቱ የገባ ይመስላል። ሁለቱንም ሞከሩት፤ ልዩነቱን ለማወቅ የሙዚቃ ትምህርት አላስፈለጋቸውም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው። የማናውቀው ኮርድ ሲገጥመን ከፊደሉ በፊት ቅኝቱን እንጠይቅ። በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ያለ ኮርድ ስሙ ከሚያስቸግርባቸው ምክንያቶች ትልቁ ኮርዱ በሌላ አገር ሥርዓት ተለክቶ መጠራቱ ነው። የጊታር መጻሕፍት የሰባት ድምፅ ስኬል ይዘው ይነሳሉ፤ እኛ በአምስት ድምፅ እንዘፍናለን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው አራቱ ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። በአምስት ድምፅ ላይ በሦስተኛ ርቀት የሚደረደር ኮርድ ስንሠራ ብዙ ጊዜ አንድ ድምፅ ይጎድላል ወይም ያልተለመደ አንድ ድምፅ ተርፎ ይቀራል። መጽሐፉ ይህን «ተጨማሪ» ወይም «የጎደለው» ብሎ ይመዘግበዋል። ቅኝቱ ግን ጎዶሎም ትርፍም የለውም።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በገብስና በባቄላ ማሳ መሐል ሄዶ ሄዶ ድንገት ምድር የሚያልቅበት ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል፤ ከታች የአፋር ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚህ አፋፍ ላይ ሸዋን ገዝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ያገኛቸው በዚሁ አካባቢ ነው። ወደዚህ የሄድኩት ግን ክራር ፍለጋ ነበር። ጊታሬን ይዤ በዕድሜ የገፉ አንድ ክራር ተጫዋች ደጃፍ ተቀመጥኩ።

አባባ ክራራቸውን እስኪቃኙ ድረስ እኔ ጊታሩን አንድም ፍሬት ሳልይዝ በባዶው ስድስቱንም ክር ቀስ ብዬ ደረደርኩት። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ግራ እጅ አንገቱን ደግፎ ብቻ ይቀመጣል፣ ቀኙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አባባ ቀና አሉና «ልጄ፣ ይሄማ ትዝታ ነው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። የጊታር ባዶ ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ሁለቱን ኢ እንደ አንድ ቆጥረን ከጂ ጀምረን እንደርድራቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ይህ ከጂ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ነው፤ አንድም የጎደለ፣ አንድም የተረፈ የለም። ማንም ሰው ምንም ሳይማር ጊታር አንስቶ ቢመታ የሚሰማው የትዝታ አምስት ድምፅ ነው። ክራሩም እንዲሁ ነው፤ ስድስት ክር ያለው ክራር አምስት የተለያዩ ድምፆች ይይዛል፣ ስድስተኛው አንዱን በኦክታቭ ይደግመዋል። ጊታርን እስፓኞች እንዲህ ሲያደርጉት ስለ እኛ እንዳላሰቡ ግልጽ ነው፤ ዝምድናው የመጣው ክሮቹ በአብዛኛው በአራተኛ ርቀት ስለሚቃኙ ነው። አራተኛና አምስተኛ ርቀትን እየደራረቡ ሲሄዱ አምስት ድምፅ ያለው ስኬል በራሱ ይወጣል። ሆኖም ይህን ያወቀ የደብረ ብርሃን ልጅ ጊታርን እንደ እንግዳ ዕቃ አያየውም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ያንን የባዶ ክር ድምፅ ስም እናውጣለት። ዝቅተኛው ድምፅ ኢ ስለሆነ ከኢ ተነስተን ብንደረድር «ኢ ማይነር ሰቨን አድ ኢለቨን» ይሆናል። ቤዝ ተጫዋቹ ጂ ቢመታ ያው ድምፅ «ጂ ሲክስ ናይን» ይባላል። ኤ ቢመታ «ኤ ናይን ሰስ ፎር» ይሆናል። ዲ ቢመታም ሌላ ስም አለው። አንድም ጣት አልተንቀሳቀሰም፣ አንድም ክር አልተለወጠም፤ ስሙ ግን ቤዙን እየተከተለ ተቀያየረ። ይህ የስም መዘበራረቅ የሚያስፈራ ከሆነ ወደ ቅኝት ቋንቋ እንመልሰው። ዜማው ጂ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ትዝታ ሜጀር ነው። እነዚያው አምስት ድምፆች ይዞ ኢ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ባቲ ማይነር ነው። ሁለቱን ማንም አድማጭ አይቀላቅላቸውም። አባባም ትዝታ ያሉኝ ስድስቱን ክር ደርድሬ ስጨርስ እጄ መሐል ያለችው የጂ ክር ላይ ስለሚመላለስ ነበር።

ክራር ኮርድን የሚያስተምረው በሌላ መንገድም ነው። ተጫዋቹ በቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ በግራ እጁ ጣቶች ደግሞ እንዳይሰሙ የሚፈልጋቸውን ክሮች ከኋላ ይነካቸዋል። የቀሩት ይሰማሉ። ጊታሪስት ኮርድ የሚሠራው ክር በመያዝ ነው፤ ክራር ተጫዋች በማፈን ነው። አባባ ሁለት ክር ሲያፍኑ ሦስት ወይም አራት ድምፅ በአንድነት ይወጣል፤ የእኔ መጽሐፍ ለዚያ ስም አለው፣ እሳቸው ግን ስም ብለው አያውቁም። ሙሉው ቅኝት ስም ስላለው ከውስጡ ለተመረጠው ቁራጭ ሌላ ስም አላስፈለጋቸውም።

ኮርድ የሚባለው ነገር ወደ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የገባው በጊታር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነፋስ መሣሪያዎችን ይዘው መጡ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገራችንን ዜማ ለኦርኬስትራ ሲያቀነባብር አንድ ከባድ ጥያቄ ፊቱ ተደቀነ፦ አምስት ድምፅ ብቻ ካለው ዜማ ሥር ምን ዓይነት ኮርድ ቢገባ ዜማው ሳይበላሽ ይቀራል? ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝ አገርና በቦስተኑ በርክሊ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያዎቹን አልበሞቹን ሲያስቀርጽ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ነበር። የጃዝን ኮርድ እንዳለ ከላይ ከደፉበት ቅኝቱ ይጠፋል። ሙላቱ የአምስቱን ድምፅ መልክ ጠብቆ ከሥሩ የተለያየ ኮርድ የሚያስኬድበትን መንገድ ፈልጎ አገኘ፤ ኢትዮ ጃዝ የምንለው ሙዚቃ ኃይል የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ጊታሪስቶቻችን በበኩላቸው ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ መለሱት። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ባስቀረጸው «እሬ መላ መላ» ዘመን፣ ሰላም ሥዩም ወልደ ማርያምን የመሳሰሉ ጊታሪስቶች ብዙ ጊዜ ሙሉ ኮርድ ከመዘርጋት ይልቅ ከቅኝቱ የተቀነጨበ አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ይሄዱ ነበር። ሐረጉ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ ይይዝ ይሆናል፤ ስም ስጡት ብንል ግማሽ ኮርድ ነው። ዛሬ የዚያን ዘመን ዘፈኖች በስልክ እያዳመጠ ኮርድ ሊያወጣ የሚሞክር ወጣት የሚደናገርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያልተመታ ኮርድ ይፈልጋል። ከጊታሩ ሁለት ድምፅ፣ ከቤዙ አንድ፣ ከሳክስፎኑ ሌላ ይሰማና አንድ ሰው በአንድ እጅ የያዘው ኮርድ ይመስለዋል፤ ጣቱንም እስኪያመው ይዘረጋል።

የቀሩት ቅኝቶችም በአንድ ላይ ሲመቱ ምን እንደሚሆኑ ማየት ደስ ይላል። አምባሰልን ከሲ እንጀምር፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። በሦስተኛ ሲደረደሩ ከዲ ፍላት ይነሳሉ፤ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ በላዩም ጂ። የጃዝ ተማሪ ብዙ ደክሞ የሚደርስበት «ሜጀር ሰቨን ሻርፕ ኢለቨን» የሚባለው ኮርድ ነው። አምባሰል የሚያንጎራጉር ገበሬ ይህን ኮርድ በትኖ፣ አንድ በአንድ ሲዘፍነው ኖሯል። እነዚሁ አምስት ድምፆች ኤፍን ቤታቸው ካደረጉ ደግሞ ትዝታ ማይነር ይሆናሉ። ስለዚህ «ዲ ፍላት ሜጀር ሰቨን ሻርፕ ኢለቨን» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት አምባሰል ይሁን ትዝታ አይናገርም፤ ዘፋኙ ግን ያንን ሳያውቅ አፉን አይከፍትም። ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው። ሲ ሜጀር ሰቨን በውስጡ አለ፤ ኤፍ ሲጨመር ከኢ ጋር ይፋጫል። ጊታሪስቶች ኮርዱን ሲይዙ ከሁለቱ አንዱን ለዜማው ይተዋሉ፤ ጥሩ ልማድ ነው።

ሁሉንም የሚያስቸግረው ያው አንቺ ሆዬ ነው። ከኤ በተነሳው አንቺ ሆዬ ውስጥ ዲ ሜጀር አለ፣ በግማሽ እርምጃ ከፍ ብሎ ኢ ፍላት ማይነር አለ፣ ኢ ፍላት ዲሚኒሽድም አለ። በተጨማሪ ቢ ፍላት፣ ዲ እና ኤፍ ሻርፕ አሉ። ይህ ኦግመንትድ ነው፤ በሦስቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት እኩል ስለሆነ ከየትኛውም ብንነሳ አደራደሩ አይለወጥም። ቢ ፍላት ኦግመንትድ፣ ዲ ኦግመንትድ፣ ኤፍ ሻርፕ ኦግመንትድ ሦስቱም አንድ ናቸው። በሦስተኛ የመደርደሩ ዘዴ እዚህ ላይ ዝም ይላል። መነሻውን የሚነግረን ዜማው የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው፤ የሚያርፈው ደግሞ ከሦስቱ በአንዱም ላይ ሳይሆን ኤ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እስካሁን የቆጠርናቸው ፊደሎች የጊታር ፊደሎች ናቸው። ጊታር ኦክታቩን በ12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ ከአንዱ ፍሬት ወደ ቀጣዩ የድምፁ ንዝረት በ1.059 ገደማ ይባዛል፤ በመሐል ያለ ድምፅ የለም። ማሲንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፣ ፍሬት የለውም፤ አዝማሪው ጣቱን ጆሮው ወደሚለው ቦታ ይወስዳል። ክራርም የሚቃኘው በጆሮ ነው። የአንቺ ሆዬ የላይኛው ድምፅ በአንዱ ተጫዋች እጅ ከኤፍ ሻርፕ ዝቅ ይላል፣ በሌላው ከፍ ይላል፤ አባባ ያን ቀን የቃኙትን አንቺ ሆዬ ቲዩነሬ ሊሰይመው አቅቶት መርፌው በሁለት ፊደላት መሐል ቆሞ ነበር። ስለዚህ «ዲ አድ ፍላት ናይን» የሚለው ስም ለጊታሩ ትክክል ነው፤ ከክራር ጋር ሲጫወት ግን የክራሩ ድምፅ ከፍ ያለ ከሆነ ጊታሪስቱ አንደኛውን ክር በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ክራሩ መጠጋት አለበት። ይህን ምንም ዓይነት የኮርድ ስም አይነግረውም። ሰምቶ ማድረግ ያለበት ነው።

ለድምፅ ስም ማውጣት ለእኛ አዲስ ነገር ባለመሆኑ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን ዘዴ መመልከት ይጠቅማል። አፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን ከመሠረቱ ጀምሮ በዚህ ምድር የቅዱስ ያሬድ ዜማ ተቁሟል። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ ይከፈላል። ከአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ጀምሮ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯቸው የሚባሉት የዜማ ምልክቶች በድጓው ቃል ላይ ይጻፋሉ፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት እየተባሉ። ከእነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፉ ብዙ ምልክቶች አሉ፤ እነሱም ከታወቀ ዜማ ቃል የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት ናቸው። ተማሪው ምልክቱን ሲያይ ያንን የታወቀ ዜማ ያስታውስና በዚያው ልክ ያዜመዋል። ምልክቱ ድምፆቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን ቦታ ይጠቁመዋል።

የምዕራባውያን ኮርድ ስም በተቃራኒው ይቆጥራል፤ ዘፈኑን ባታውቅም ድምፆቹን ታገኛለህ። ሁለቱም ጥበብ ነው፤ እኛም አንዱን መርጠን ሌላውን የምንጥልበት ምክንያት አይታየኝም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ዓለም የሚያውቁ ሙዚቀኞች አፍርቷል፤ ከዚያው የወጣው ጊታሪስት ግሩም መዝሙርም በአዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት የቀድሞውን ዘመን ዘፈኖች በአኮስቲክ መሣሪያዎች ሲያድስ ይህ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም አሳይቷል። የሚቀረው ነገር ትምህርቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች ከተማ የልምምድ ክፍል ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። ለዚያ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የባንዱ ወረቀት አናት ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል፦ ቅኝቱ ምንድን ነው? ቤቱ የት ነው?

ደብረ ብርሃን ያሉት ልጆች ለዚያ ዘፈን የጻፉት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «አንቺ ሆዬ። ቤቱ ኤ። ጊታር ዲ አድ ፍላት ናይን። ቤዝ ኤ።» ከስልኩ መልስ ይበልጣል የምለው፣ ልምምዱን ያላየ ሰው ወረቀቱ ቢሰጠው መጫወት ስለሚችል ነው። ዘፋኟ በሳምንቱ መጥታ ድምፁ ዝቅ ስላለባት ወደ ላይ ከፍ ይበልልኝ ባለች ጊዜም ጠቀማቸው። ቤቱን ከኤ ወደ ሲ አወጡት። ጊታሪስቱ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ አደረገና ጣቶቹን ከለመዱት አቀማመጥ ሳይለውጥ ያንኑ ያዘ፤ ለሌሎቹ የሚሰማው ኮርድ አሁን ኤፍ አድ ፍላት ናይን ነው። አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ወረቀት ላይ ኤ ተብሎ የተጻፈለትን ሲነፋ የሚወጣው ድምፅ ሲ ስለሆነ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ የቀድሞውን ወረቀት እንዳለ አንብቦ ተጫወተ። አዲስ መጻፍ ያስፈለጋቸው ቤዙና ኪቦርዱ ብቻ ነበሩ።